መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው

ኅዳር ሲገባ ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ማታ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ፀሐይ እንደገባች ብርዱ ይለቀቃል። ጠዋት ስትነሳ ሣሩ ላይ ውርጩ እንደ ጨው ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ሌላ ምን ይጠበቃል። ስለዚህ ሰው በጊዜ ይገባል፣ ከሰል ያቀጣጥላል፣ ጋቢውን ይደርባል። እኛ ቤት ደግሞ ፊልም ይከፈታል።

ልጅ ሆነን የምንከራየው ካሴት ነበር። የአባታችንን መታወቂያ አስይዘን፣ ሁለት ብር ከፍለን፣ ካሴቱን እንደ እንቁላል አቅፈን እንመጣ ነበር። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ ዲቪዲ። አሁን ሰው ፍላሹን ይዞ ይሄድና ያስጭናል፤ ሃያ ፊልም አስጭኖ አንዱንም ሳያይ ይከርማል። እኔ የምሄድበት ቤት ልጁ ያው ፍላሽ ይጭናል፣ ግን የድሮ ዲቪዲዎቹንም ከመደርደሪያው አላወረዳቸውም። ያከራያል። እኔ ደግሞ መከራየቱን ነው የምወደው። የተከራየኸው ነገር ቀን አለው። ነገ መመለስ ስላለበት ዛሬ ታየዋለህ፤ መጀመሪያ ላይ ባይጥምህም ገንዘብ ከፍለህበታልና ትንሽ ትታገሠዋለህ። ብዙ ጥሩ ፊልም ደግሞ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አብራኝ የምታየው እናቴ ናት። ቅዳሜና እሑድ የእህቴ ልጅም ይጨመራል፤ አሥር ዓመቱ ነው። እማዬ ከመንዝ ነው የመጣችው። ከእሷ ጋር ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ፊልም ላይ የማየው ነገር ራሱ ተለውጧል። እኔ የተዋናዩን ፊት ሳይ እሷ እጁን ታያለች። ምጣዱን ታያለች፣ በሬውን ታያለች፣ በሩ እንዴት እንደተዘጋ ታያለች። አንዴ አንዲት ተዋናይ እንጀራ ስትጋግር ሊጡን ከምጣዱ መሀል ጀምራ ወደ ዳር አዞረችው። እማዬ ወዲያው «ይቺ ልጅ ጋግራ አታውቅም፤ ከመሀል ነው እንዴ የሚጀመረው?» አለች። ሃያ ዓመት እንጀራ ስበላ ከዳር እንደሚጀመር ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይ የተከራየሁት አንድ የአማርኛ ፊልም ነበር። ስሙን አልጠራም። ታሪኩ የሚታወቅ ነው፦ የአዲስ አበባ ልጅ ገጠር ይሄዳል፣ እዚያ ቆንጆ ልጅ ያያል፣ አባቷ እምቢ ይላሉ። አባትየው ነጭ ጋቢ ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢው ከካርቶን የወጣ አዲስ ነው፤ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም። በትር ይዘዋል። ንግግራቸው የየትም አገር ንግግር አይደለም። ያው ፊልም ላይ ብቻ የሚሰማው የገጠር አማርኛ ነው።

እማዬ ትንሽ አየችና «ይኼ ሰውዬ ገበሬ አይደለም» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ተረከዙን እየው።»

ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። እውነትም የሰውየው ተረከዝ እንደ ሳሙና ለስላሳ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አርሷል የተባለ ሰው ተረከዝ ላይ አንዲት ንቃቃት የለችም። የኛ አገር ገበሬ ተረከዝ በበጋ እንደ ዋልካ መሬት ይሰነጠቃል፤ ሰው ቅቤ ይቀባዋል፣ ሲብስበት ሰም አቅልጦ ይደፍነዋል። እዚያ ፊልም ላይ ለመብራትም ለካሜራም ብር ወጥቷል፤ ሰውየውን ለአንድ ሳምንት በባዶ እግሩ መሬት ላይ ለማስኬድ ግን ያሰበ የለም።

ይኼ ነገር ያናድደኛል። ትንሽ ነገር አይደለም። በብዙ ፊልሞቻችን የገጠር ሰው ወይ ሊያስቀን ነው የሚመጣው፣ ወይ ሊያሳዝነን። አስቦ ሲናገር፣ ዝም ሲል፣ ሥራ ሲሠራ አይታይም። ዝም ካለማ ወዲያው ሙዚቃ ይገባበታል። እኔ የማውቃቸው የመንዝና የተጉለት ሽማግሌዎች ደግሞ ከመናገራቸው በፊት ረጅም ዝም የሚሉ ሰዎች ናቸው። መሬቱን በበትራቸው ጫር ጫር ያደርጋሉ፣ ከዚያ አንድ ቃል ነው የሚናገሩት። ያቺን ዝምታ የሚያሳየኝ ዳይሬክተር ባገኝ ሌላውን ሁሉ ይቅር እለዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማዬ ልማድ ተጋባብኝ። ፊልም ስከፍት መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው።

ሳላስበው ቀጥሎ የመረጥኩት ደግሞ ከነአካቴው ስለ እግር የሆነ ፊልም ሆነ። «አትሌቱ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። ራሴላስ ላቀው ከዴቪ ፍራንክል ጋር አዘጋጅቶታል፤ አበበ ቢቂላን ሆኖ የተጫወተውም ራሴላስ ነው። ኢትዮጵያ ለኦስካር ውድድር የላከችው የመጀመሪያ ፊልም ይኼ ነው።

አበበ የኛው ሰው ነው። ሜንዲዳ አጠገብ ጃቶ በምትባል መንደር ነው የተወለደው። እዚህ አካባቢ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ዘመዱን የሚያነሳ ነው የሚመስለው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ሩጫው ማታ ስለነበር የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። እዚህ አገር ልጆች ለአዲስ ዓመት ችቦ የሚለኩሱበት ማታ፣ እዚያ የእሱ መንገድ በችቦ በርቷል። ከአገራችን ተዘርፎ በሄደው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ ነው የጨረሰው። ይኼን ሳስበው ሁልጊዜ ሰውነቴን ይወረኛል።

ጫማ ያላደረገው አጥቶ አይደለም። አዲስ የተገዛለት ጫማ እግሩን ላጠው፤ በባዶ እግሩ ደግሞ ከበፊቱም ይለማመድ ነበር። ያንን እግር የሠራው የሜንዲዳ መሬት ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ድጋሚ አሸነፈ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ በእግሩ አልሄደም።

ፊልሙ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። አገር ሁሉ በእግሩ ያወቀው ሰው እግሩ እምቢ ሲለው ምን ያደርጋል? እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ይተኛል። ቀስት መወርወር ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ ያሸንፋል። እኔ ይኼኛውን ታሪክ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ሮምና ቶኪዮ ላይ ያበቃል፤ የሰውየው ትልቅ ጀግንነት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ብዬ አምናለሁ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ ገና 41 ዓመቱ ነበር።

ስለ ፊልሙ ያለኝን እውነተኛ አስተያየት ልናገር። ቀስ ያለ ነው። ችኩል ሰው ይሰለቸዋል። የድሮዎቹን የሩጫ ቅጂዎች ከአዲሱ ጋር ሲያዋህዳቸው ግን ልብ ይሰርቃል፤ እውነተኛው አበበ ሲሮጥ ታየውና፣ ወዲያው ተዋናዩ አልጋ ላይ ተኝቶ ታየዋለህ። የልጅነቱን መሬት ከዚህ የበለጠ ባየው ደስ ባለኝ። አንድ ፊት ብቻ ሳይሆን ያ ፊት የወጣበት አገር ቢታይ። ደግሞ የተከራየሁት ዲስክ ተጭሮ ስለነበር መሀል ላይ ደጋግሞ ቆመብን፤ እያወጣሁ በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ መልሼ ሳስገባው ማታው ገፋ።

እማዬ ብዙ አልተናገረችም። ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ግን «እግሩን የሚሸፍንለት የለም እንዴ?» አለች።

«አይሰማውም እኮ እማዬ።»

«አይሰማውም እንጂ ይበርደዋል።»

ከዚያ በኋላ ፊልሙን ያየሁት በእሷ ዓይን ነው። የሆስፒታሉን ብርድ ልብስ እያየሁ፣ እግሩ ተሸፍኗል አልተሸፈነም እያልኩ።

«ቁራኛዬ»ንም ተከራየሁት። የሞገስ ታፈሰ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው እስከ ዳኛው ድረስ አብረው የሚሄዱበት ሥርዓት ነበር፤ አንዱ የአንዱ ቁራኛ ይባላል። ታሪኩ የቆመው እዚያ ላይ ነው። እኛ «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ስንል በየቀኑ ያቺን ሰንሰለት እየጠራናት ነው፤ ግን ማን ያስታውሳታል። የሚጠላህን ሰው እጁ ካንተ ጋር ታስሮ ወንዝ ታሻግረዋለህ፣ አብረኸው ትተኛለህ፣ ስትበላ ያይሃል። ፊልም የሚሆን ነገር ማለት ይኼ ነው። ልብሱ ያረጀ ነው፣ እግሩም አቧራ የለመደ እግር ነው። አልፎ አልፎ ንግግሩ ወደ ቲያትር መድረክ ይወጣብኛል፣ ሰዎቹ ለሰማዩ የሚናገሩ ይመስለኛል። ቢሆንም ቋንቋው ጣፋጭ ነው፤ ቅኔ ያለበት ፊልም በስንት ዓመት አንዴ ነው የምናገኘው። እማዬ የያዛት ሌላ ነገር ነው። «የአንደኛው እግር ቢቆስልስ? ያኛው ይሸከመዋል?» እያለች መጨረሻው ድረስ ተጨነቀች። ለሁለቱም እኩል ነው የተጨነቀችው። ማን በዳይ ማን ተበዳይ እንደሆነ የረሳችው ይመስላል።

«ጤዛ»ን ብቻዬን ነው ያየሁት። የኃይሌ ገሪማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸልሟል፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን የአፍሪካ ፊልም ሽልማት ወስዷል። ጀርመን ተምሮ ዶክተር የሆነ ሰው፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ጣና አጠገብ ወዳለችው የእናቱ መንደር ይመለሳል። ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። እማዬ መጀመሪያ ላይ አብራኝ ነበረች፤ ዋሻው ጋ ስንደርስ ተነሳችና ገብታ ተኛች። አልጠየቅኳትም። በቅርብ ዓመታት በኛም አካባቢ የተኩስ ድምፅ እየሰማ ያደረ ሰው ብዙ ነው፤ የእናቶችን ፊት ማየት ይበቃል። ፊልሙ ታላቅ ነው። ሁሉም ሰው ሊያየው ይገባል እላለሁ፤ ግን ማን መቼ እንደሚያየው ለራሱ መተው ነው።

ሰሞኑን አንጀቴን የበላኝ ሌላው «ላምብ» ነው። በኛ ቋንቋ በግ ማለት ነው። ያሬድ ዘለቀ የሠራው። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በይፋ ለመታየት የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እሱ ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበት፣ አባቱ ዘመድ ቤት ያስቀምጠውና ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ልጁ የቀረው ቹኒ የሚለው በጉ ብቻ ነው። አጎቱ ደግሞ በጉ ለበዓል መታረድ አለበት ይላል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ሸጦ የአውቶቡስ ገንዘብ ሊያጠራቅም ይጀምራል። ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ተብሎ የሚደርስበትን አስቡት።

የመንዝ ሰው የበግ ፊልም ሲያይ ዝም ብሎ አያይም። በግ እኛ ጋ ከብት ብቻ አይደለም። ሥጋውም፣ ፀጉሩም፣ ገንዘቡም እሱ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ላቱ ወፍራም፣ ፀጉሩ ረጅም ነው፤ ሴቱ ይፈትለዋል፣ ወንዱ ይሠራዋል፤ ባናውም በርኖሱም ከዚያ ነው የሚወጣው። እዚያ ብርድ ውስጥ ሌሊቱን የምታልፈው በጉ ባበደረህ ልብስ ነው። ስለዚህ ልጁ እጁን ፀጉሩ ውስጥ ሲከት፣ እማዬ የራሷን እጅ ጋቢው ውስጥ ስትከት አየኋት።

ከዚያ ነገረችኝ። ልጅ ሆና፣ ግልገል ሳለች እናቷ የሞተችባት አንዲት በግ ነበረቻት። በጣቷ ወተት እያጠባች ነው ያሳደገቻት። በጓ ስታድግ እሷ የሄደችበት ሁሉ ትከተላት ነበር፤ ውሃ ስትቀዳ ወንዝ ድረስ። ለፋሲካ አረዷት። «ምን አደረግሽ?» አልኳት። «ምን አደርጋለሁ። አጥቤ አቀረብኩ። ግን ያን ፋሲካ ሥጋ አልቀመስኩም፤ ጾሙ እኔ ላይ ቀጠለ» አለች። ይኼን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር አልሰማሁትም ነበር። ለእኔ ፊልሙ እዚያ ላይ ዋጋውን ከፈለ።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ተራሮቹ በጣም ያምራሉ። ካሜራው ደጋውን በፍቅር ነው የሚያየው፤ ብርዱ ግን አይሰማኝም። ደጋ ላይ ያደገ ሰው አረንጓዴውን ከማየቱ በፊት ብርዱን ነው የሚያስታውሰው፦ ሌሊት ለሽንት ስትነሳ እግርህ መሬት ሲነካ ያለውን። ቢሆንም ያ ልጅ ሲጫወት ትወና አይመስልም። የሚያሳዝን ፊት እያሳየ አይለምንህም። ሥራውን ይሠራል፤ ያሳዘነህ አንተው ነህ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ፤ ይኼን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

የፊልም ቤቱ ልጅ «ይኼን ውሰድና እይ፤ የኢራን ነው፤ ማንም አይወስደው» ብሎ ነው የሰጠኝ። «የሰማይ ልጆች» ይባላል። ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው ነው። ንግግሩ ፋርስኛ፣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም፤ የእህቴም ልጅ አይደርስበትም። ስለዚህ እንደ ድሮው ቪዲዮ ቤት እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ያኔ የሕንድ ፊልም ሲታይ ከመሀላችን አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይተረጉም ነበር፤ ያላወቀውን ራሱ ይሞላዋል።

ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። አሊ የሚባል ልጅ የእህቱን ጫማ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ አሰፍቶ ሲመለስ ድንች ሊገዛ አትክልት ቤት ይገባል፣ በር ላይ ያስቀመጠውን ጫማ ቆራሌው ከቆሻሻ ጋር አፍሶ ይሄዳል። ይኼው ነው። አባትየው ድሃ ነው፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ እናትየው ታማለች። ልጁ መናገር አይችልም። ስለዚህ ወንድምና እህት አንድ ሸራ ጫማ ይጋራሉ፤ እሷ ጠዋት ተምራ እየሮጠች ትመጣለች፣ መንገድ ላይ አውልቃ ትሰጠዋለች፣ እሱ አድርጎ እየሮጠ የከሰዓቱን ፈረቃ ይገባል።

ወላጆቻቸው እንዳይሰሙ ደብተር ላይ እየጻፉ ነው የሚጨቃጨቁት። እህቱ ዘህራ ለአባቷ እንደምትናገር ትጽፋለች። እንግሊዝኛው ዝም ብሎ «እነግረዋለሁ» ነው የሚለው። እኔ «እነግርብሃለሁ» ብዬ አወጣሁት። የእህቴ ልጅ ወዲያው ገባው፣ ክው ነው ያለው። አማርኛ ይቺን «ብህ» የምትባል ነገር ስላላት ደስ አለኝ፤ ልጅነት ውስጥ ያለው ፍርሃት ሁሉ እሷ ላይ ነው ያለው።

አንድ ቦታ አለ። አባትየው ቤቱ ተቀምጦ ለመስጊድ የሚሆን ስኳር ይፈልጣል። ልጅቷ ሻይ ታመጣለታለች፣ ስኳር ግን የለውም። ስኳር ስጪኝ ይላታል። ፊትህ ይኼ ሁሉ ስኳር አለ አይደል ትለዋለች። ይኼ የመስጊዱ ነው፣ አደራ ነው ይላል። እማዬ እዚያ ላይ አስቆመችኝ። አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል የጧፍ ቁራጭ እንኳ ይዞ ቤት ገብቶ እንደማያውቅ ነገረችን። «በጨለማ እንቀመጥ ነበር እንጂ» አለች። ቴህራን ያለ ሙስሊም አባትና መንዝ የነበረው አያቴ እኛ ቤት ከሰሉ አጠገብ ተገናኙ። ማጂዲ ይኼን ሲቀርጽ መንዝ የሚባል አገር መኖሩን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ደግሞ ሌላ ቦታ። ዘህራ የጠፋውን ጫማዋን በሌላ ተማሪ እግር ላይ ታየዋለች። ወንድሟን ይዛ የልጅቷን ቤት ይከታተላሉ። ሊጠይቁ ነው፣ ሊያስመልሱ ነው። የልጅቷ አባት ይወጣል፤ ዓይነ ስውር ነው። ልጆቹ ተያዩ። አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ ዞረው ሄዱ። እዚህ ላይ የምተረጉመው ነገር አልነበረም። ሙዚቃ አፍስሶበት፣ ልጆቹን አስለቅሶ፣ «እነሱ ከኛ ይብሳሉ» የሚል ንግግር ቢያስገባበት እንዴት ይበላሽ እንደነበር አስቡት። የኔን የዝምታ ናፍቆት የመለሰልኝ የቴህራን ልጆች ዝምታ ሆነ።

በመጨረሻ ሩጫ ይመጣል። የትምህርት ቤቶች ውድድር ነው፤ ሦስተኛ ለወጣ ሽልማቱ ሸራ ጫማ ነው። አሊ መምህሩን አልቅሶ ለምኖ ይገባል። አንደኛ መውጣት አይፈልግም፤ ሁለተኛም አይፈልግም። ለእህቱ ጫማ ስለሚያስፈልጋት ሦስተኛ መውጣት አለበት። ልጆቹ ተደርድረዋል፣ ተኩሱ ተሰማ፣ አሊ ከብዙ ልጅ መሀል እየሾለከ ወደ ፊት ወጣ።

መብራት ሄደ።

የእህቴ ልጅ የጮኸውን ጩኸት ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። ሻማ ፈለግን፣ ከሰሉን አነሳሳን። «ሦስተኛ ይወጣል?» ይላል። እኔ አልነግርም አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም ነበር። «አንደኛ ቢወጣስ ምን ችግር አለው? አንደኛ ይሻላል አይደል?» አለ። እማዬ «ጫማውን ሳትፈልገው ነው እንደዚህ የምትለው» አለችው። ከዚያ ከሰሉን እያየች ነገረችን።

መጀመሪያ ወደዚህ ከተማ የመጣችው ከሰላ ድንጋይ ወዲያ ካለ አገር፣ ሁለት ቀን ተጉዛ፣ በባዶ እግሯ ነው። የመጀመሪያ ጫማዋ ኮንጎ የሚሉት የፕላስቲክ ጫማ ነበር። የእንቁላል ገንዘብ አጠራቅማ ገበያ ገዛችው። በውርጭ ጊዜ ኮንጎ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ እግር ይልጣል፤ እሷ ግን እንዳያልቅባት ነበር የምትፈራው። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ በእጇ ይዛው ትመጣለች። በሬሳ ወንዝ ስትደርስ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯን ውሃው ውስጥ ትከታለች፣ ታጥባ ስትጨርስ ጫማዋን አድርጋ ከተማ ትገባለች። «ውሃው እንደ እሳት ያቃጥላል» አለች፤ «በጣም ሲቀዘቅዝ እንደዚያ ነው። ከዚያ ግን እግር ይቀለዋል።» የእህቴ ልጅ አፉን ከፍቶ እግሯን ያያል። አሁን የሚያየው እግር ካልሲ ውስጥ ነው።

መብራቱ ያን ማታ አልመጣም። ማታ ሁላችንም ስለ አሊ እያሰብን ተኛን።

በማግስቱ ሥራ ውዬ ስገባ ሁለቱ ከነጋቢያቸው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ጠበቁኝ። ከሩጫው ጀመርን። አሊ ሦስተኛ ሆነ፣ ልቡ ደስ አለው፤ ከዚያ ገፍተው ጣሉት፣ ተነሳ፣ ሮጠ፣ መጨረሻ ላይ ማን ማን እንደሆነ እንኳ ሳይለይ ከአምስት ልጅ ጋር መስመሩ ላይ ደረሰ። መምህሩ አቅፎ ያነሳዋል። አሊ «ሦስተኛ ወጣሁ?» ይላል። «የምን ሦስተኛ? አንደኛ ነህ!» ይለዋል። ዋንጫ ይሰጡታል፣ ፎቶ ያነሱታል፣ እሱ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት እንባው ይወርዳል። እኔ «አንደኛ ነህ» የሚለውን ስተረጉም ድምፄ ተሰበረ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ትናንት አንደኛ ይሻላል ያለው፣ ጭንቅላቱን ጋቢው ውስጥ ቀበረ።

ቤቱ ሲደርስ እህቱ ታየዋለች። ጫማ አላመጣም። የእሱም ሸራ ከታች ተቀዶ አልቋል። ግቢው መሀል የውሃ ገንዳ አለ። ዳሩ ላይ ይቀመጣል፣ ካልሲውን ያወልቃል፤ እግሩ ቆስሎ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ቀልቶ ይታያል። ውሃው ውስጥ ይከተዋል። ትንንሽ ቀያይ ዓሦች መጥተው እግሩን ይከቡታል። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

እማዬ ለትንሽ ጊዜ አልተናገረችም። ጋቢዋን ወደ ጉልበቷ ሰበሰበችና «አሁን ቀለለው» አለች።

ዲስኩን አውጥቼ ወደ ሽፋኑ ስመልሰው «ነገ ነው የምትመልሰው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ቀኑ ደርሷል።»

«አትመልሰው። ጎረቤታችን ትየው፤ እሷም በእግሯ ነው የመጣችው።»

ጠዋት ሥራ ስሄድ በፊልም ቤቱ በኩል አለፍኩ። ለሌላ ሦስት ቀን ከፈልኩበት።